ዘይት የማይሰጥ አሮጌ ቼይንሶ፦ ፖምፓውን ከመግዛታችሁ በፊት

የቼይንሶው (የሞተር መጋዙ) ባር፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት፣ ይጨሳል፤ ሰንሰለቱ እየላላ ይወርዳል፣ አሁን የተሳለ ጥርስ አንድ ግንድ ሳይጨርስ ይደንዛል። ይህን ያየ ሰው ጣቱን የሚቀስረው የዘይት ፖምፓው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለተሠሩ መጋዞች ግን ፖምፓ እንደ ካንዴላ ከየሱቁ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ተፈልጎ፣ ተጠብቆ፣ ውድ ተከፍሎበት ይመጣል። መጥቶ ከተገጠመ በኋላም ባሩ እንደ ድሮው ደርቆ ሊገኝ ይችላል። ዘይቱ ከታንክ እስከ ሰንሰለት በሚሄድበት መንገድ ላይ ካሉት ክፍሎች ጠንካራው ፖምፓው ነውና። የሚደፈን ቀዳዳ፣ የሚሰነጠቅ ጎማ፣ የሚታፈን መተንፈሻ፣ የሚላጭ የፕላስቲክ ጥርስ ከእሱ ይቀድማሉ። ስለዚህ ምርመራው ከባሩ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፖምፓው የሚፈታው ሌላው ሁሉ ነጻ ሲወጣ ነው።

በእርግጥ የዘይት ችግር ነው?

የደነዘ ሰንሰለት በዘይት የራሰ ባርንም ያቃጥላል። መጋዙ ወፍራም ፍቅፋቂ መትፋቱን ትቶ እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ የሚያወጣ ከሆነ መጀመሪያ ሞረድ አንሱ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጓንት አድርጋችሁ ሰንሰለቱን ስትጎትቱት በባሩ ዙሪያ በእጅ ካልሄደ ከልክ በላይ ተወጥሯል። በባሩ አፍንጫ ላይ ያለችው ተሽከርካሪ ጥርስ ከተጣበቀች ደግሞ ጫፉ ብቻ ይግላል፤ ወደ መሃል ያለው ባር ደህና ሆኖ አፍንጫው ከጠቆረ እሷን ጠርጥሩ።

በዘይት እጦት የተጎዳ ባር ሌላ መልክ አለው። ጠርዞቹ በረጅሙ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ይሆናሉ፣ ቀለሙ ይላጣል። በባሩ ቦይ ውስጥ የሚሄደው የሰንሰለቱ ታችኛ ጥርስ ጎኑ ደርቆ ያብረቀርቃል። ለማረጋገጥ የመጋዝ አምራቹ የሁስክቫርና መመሪያዎች የሚያዙት ዘዴ ዛሬም ምንም አልወጣለትም። የባሩን ጫፍ ነጣ ካለ ነገር፣ ከካርቶን ወይም ከተቆረጠ ጉቶ ፊት፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያዙና ሦስት አራተኛ ጋዝ ስጡ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ በካርቶኑ ላይ ጥርት ያለ የዘይት መስመር መታየት አለበት። ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ዘይቱ ያንሳል፣ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ታንኩ ይጎድላል ወይስ አይጎድልም?

ጉዳዩን ለሁለት የሚከፍለው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ያለምንም መፍቻ ይገኛል። ነዳጅ በሞላችሁ ቁጥር የዘይት ታንኩም ይጎድል ነበር? ይጎድል ከነበረ ፖምፓው ይሠራል፤ ዘይቱ የሚጠፋው ከፖምፓው በኋላ ነው። እንደሞላ ከተገኘ ዘይቱ ከታንኩ አልወጣም ማለት ነው።

በዓይን ለማየት ሽፋኑን፣ ባሩንና ሰንሰለቱን አውጡ። ባሩ የሚያርፍበትን ቦታ በብሩሽ አጽዱና ሞተሩን አስነስታችሁ መካከለኛ ጋዝ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ስጡ። ያለ ጭነት ስለሚዞር ጋዙን እስከ መጨረሻ አትጫኑት፤ እጃችሁንና ልብሳችሁን ሰንሰለቱን ከሚያዞረው የፍሪሲዮን ታምቡር አርቁ። ባሩን ከሚይዙት ሁለት ብሎኖች አጠገብ ካለችው የዘይት መውጫ ዘይት ቀስ እያለ መፍሰስ አለበት። እዚህ ላይ የመጋዙን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል። በሁስክቫርና 61፣ 266፣ 268 እና 272 ፖምፓውን የሚያዞረው ጥርስ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ስለሚሄድ ጋዝ ሳይሰጥ፣ በሚኒሞም፣ ዘይት ይወጣል። እንደ ስቲል ኩባንያው 026 ባሉት ደግሞ የሚያዞረው የፍሪሲዮኑ ታምቡር ነው። እነዚህ በሚኒሞ ምንም ባይሰጡ ጤነኛ ናቸው፤ የሰንሰለት ፍሬኑ ተይዞ ከሆነም በከንቱ ትጠብቃላችሁ።

ዘይት ወጥቶ ባሩ ከደረቀ

ይህ ደስ የሚለው ውጤት ነው፤ ጥገናው ብዙ ጊዜ በሽቦ ያልቃል። በባሩ ጭራ ላይ፣ ከላይና ከታች፣ ሁለት ትንንሽ የዘይት ቀዳዳዎች አሉ፤ ባሩን ስትገለብጡት ተራ ይቀያየራሉ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ወይም ሙጫ ያለበት ጥድ ከተቆረጠ በኋላ የላመው ሰጋቱራ ከዘይት ጋር ተለውሶ እዚያ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ቀዳዳውን በሽቦ ውጉና ቦዩን ከጭራ ወደ አፍንጫ በስስ ብረት ፋቁት። ለዚህ የተሰበረ የብረት መጋዝ ምላጭ ከቦዩ ስፋት ጋር እስኪመጣጠን ተሞርዶ ጥሩ መሣሪያ ይሆናል። ቀዳዳው ወደ ቦዩ መዝለቁን በዓይናችሁ እዩ፤ ላዩ ተከፍቶ ውስጡ የተደፈነ ባር ብዙ ሰው ያሳስታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የባሩ ልክ ነው። አሮጌ መጋዝ ላይ የተገኘው ባር ሁሉ ይገጠምበታል። በብሎኖቹ ላይ ገብቶ፣ ሰንሰለቱም ዞሮ፣ የዘይት ቀዳዳው ግን ከመውጫው ጋር ላይገጥም ይችላል። መውጫው አካባቢ ግራሶ በስሱ ቀቡ፣ ባሩን በትክክለኛው ውጥረት አስራችሁ መልሳችሁ ፍቱ። በባሩ ላይ የታተመው የግራሶ ምልክት የዘይት ቀዳዳውን ካልነካው ባሩ የዚያ መጋዝ አይደለም። ሰንሰለት በተቀየረ ቁጥር ባሩ ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ስለሚሄድ ምልክቱ ጫፍ ላይ ብቻ ከነካም አትርኩ።

ሦስተኛው ትንሽ ቢመስልም ታንክ ሙሉ ዘይት መሬት ላይ የሚያፈስ ነው። ባሩና የመጋዙ አካል በሚነካኩበት ቦታ ስስ የብረት ሳህን ያለባቸው መጋዞች አሉ፤ ሁስክቫርናዎቹ ከእነዚህ ናቸው። ሳህኗ በጽዳት ጊዜ ወድቃ ከቀረች ወይም ከተጣመመች ዘይቱ ወደ ቀዳዳው በመግባት ፈንታ በባሩ ጎን ተንሸራቶ ይወርዳል። የባሩ ጭራ ራሱ ተበልቶ ወይም ጠርዙ ወደ ውጭ ተቀጥቅጦ ከሆነም ውጤቱ አንድ ነው። ጭራውን በሞረድ አስተካክሉ፤ ሲሊኮን ለመቀባት አትሞክሩ፤ መውጫውን ይደፍነዋል።

አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ ዘይቱ ወደ ሞተሩ የሚገባበት። እሱን ስለ ግፊት ታንኮች በምንናገርበት ቦታ እናነሳዋለን።

ዘይት ካልወጣ፦ መቼ እንደሚቆም ተመልከቱ

ሰው ሁሉ «ዘይት አይሰጥም» ይላል እንጂ መቼ መስጠቱን እንዳቆመ አይናገርም። ምርመራው ግን ግማሹ እዚያ ላይ ነው።

መጋዙ ሲነሳ ዘይት ሰጥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚያቆም፣ አርፎ ሲነሳ ደግሞ እንደገና የሚሰጥ ከሆነ መተንፈሻው ታፍኗል። ዘይት ከታንኩ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። አየር ካልገባ ውስጡ ባዶ እየሆነ ይስባል፤ ፖምፓውም ከዚያ ስበት ጋር ታግሎ ይሸነፋል። ማረጋገጫው አንድ ነው፦ ዘይቱ ባቆመበት ቅጽበት ሞተሩን አጥፉና የታንኩን ክዳን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከገባ፣ ሲነሳም ዘይቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኝቷል። መተንፈሻው እንደ መጋዙ ዓይነት በታንኩ ግድግዳ ላይ የተተከለች ትንሽ ቫልቭ ወይም ክዳኑ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ነው። በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ ከውጭ በኩል በቀላሉ ንፉበት። የኮምፕረሰር ሙሉ ግፊት አትልቀቁበት፤ ትንሿን ጎማ ከቦታዋ ይነቅላታል። ካልተከፈተ ይቀየራል። ሰዎች ክዳኑን በምስማር ሲበሱት ይታያል፤ ሰጋቱራ በዚያው ስለሚገባ ዛሬ ያዳኑትን ፖምፓ ከወር በኋላ ይገድሉታል።

ታንኩ ሙሉ ሳለ እየሰጠ ሲጋመስ የሚያቆም ከሆነ ችግሩ የመሳቢያ ጎማው ነው። ወይ ተሰንጥቆ አየር ይስባል፣ ወይ ጫፉ ላይ ያለው ፊልትሮ ወልቆ ወድቋል፣ ወይ ጎማው ደርቆ ከታንኩ ወለል ተነስቶ ተንጠልጥሏል። አየር የሚስብ ጎማ ሌላም ምልክት አለው፤ በመውጫው ላይ የሚታየው ዘይት አረፋ ያዘለ ነው። አሮጌ ጎማ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ከታንኩ ግድግዳ በሚወጣበት ወይም ከፖምፓው ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ነው፤ ሳታጥፉት ስንጥቁ አይታይም።

ጠዋት በብርድ ሳይሰጥ ቆይቶ ሲሞቅ የሚሰጥ መጋዝ ፊልትሮው ግማሽ ተደፍኗል፣ ወይም ዘይቱ ወፍሯል። ተቃራኒው፣ ማለትም ሲነሳ እየሰጠ ሞተሩ በደንብ ሲግል የሚያንስ ከሆነ፣ በእርግጥ ፖምፓው አርጅቶ ሊሆን ይችላል። የቀጠነው ዘይት በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ወደ ኋላ ያመልጣል።

ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ በየትኛውም ሁኔታ፣ ጠብታ የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ ወይ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል ወይ ፖምፓው አይዞርም።

ፊልትሮና ጎማ

ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ሽቦ በክዳኑ አፍ አስገቡና ፊልትሮውን ጎትታችሁ አውጡ። በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ እጠቡት። በቤንዚን አትጠቡ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ በጋለ ማርሚታ አጠገብም እሳት ነው። ታንኩን ራሱን ሩብ ያህል ናፍጣ ጨምራችሁ አንቀጥቅጡና ድፉ፤ የሚወጣው ጥርት እስኪል ድገሙት። በታንኩ ወለል ላይ ጥቁር ጭቃ ካገኛችሁ ጎማውንም ከፖምፓው በኩል ንቀሉትና ለብቻው እጠቡት። ኮምፕረሰር ካላችሁ ከዘይት መውጫው ወደ ውስጥ አትንፉ፤ ቆሻሻውን ወደ ፖምፓው መልሳችሁ ነው የምታስገቡት።

ጎማውን ለመፈተን ፊልትሮውን አውጥታችሁ አንዱን ጫፍ ድፈኑ፣ በሌላው ጫፍ ግፊት ስጡትና ውኃ ውስጥ ንከሩት። መለኪያ ያለው የእጅ ፖምፓ ከሌለ የአሮጌ ደም ግፊት መለኪያ መጭመቂያ ከነሰዓቱ ሥራውን በሚገባ ይሠራል። መርፌው 200 ላይ ሲደርስ ግፊቱ 4 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። አረፋ ከወጣ ጎማው ይቀየራል። ቅርጽ ወጥቶለት የተሠራው ጎማ ካልተገኘ ዘይትና ነዳጅ የሚችል ቀጥ ያለ የነዳጅ ጎማ መጠቀም ይቻላል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ታንኩን በሚበሳበት ቦታ ጥብቅ ይሁን፣ ስትስቡትም ግድግዳው እርስ በርሱ የሚጣበቅ ልፍስፍስ አይሁን። የአትክልት ማጠጫ ዓይነት ግልጽ ፕላስቲክ ጥቂት ወር ይሠራና ደርቆ ይሰነጠቃል።

ከፍሪሲዮኑ ጀርባ

እዚህ ድረስ ሁሉም ንጹሕ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይውረድ። ባሕርዩን አስቀድሞ መረዳት ይሻላል። በክራንክ ሻፍቱ ላይ፣ ልክ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ፣ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ጥርስ ያላት ቀለበት አለች፤ ዎርም ትባላለች። ዎርሟ የፖምፓውን ቀጭን ፒስተን ታዞረዋለች። ፒስተኑ ላይ የተቆረጠው ዘንበል ያለ ቅርጽ እየዞረ ሳለ ወዲያና ወዲህ እንዲመላለስ ያደርገዋል። ጎኑ ላይ የተጠረበው ጠፍጣፋ ቦታ ደግሞ አንዴ የመግቢያውን፣ አንዴ የመውጫውን ቀዳዳ ይከፍታል። የማስተካከያ ብሎን ያለው ፖምፓ ከሆነ ብሎኑ የሚቀይረው ፒስተኑ የሚመላለስበትን ርቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ዘይት የማይሰጥ መጋዝን በማስተካከያው ብሎን ማዳን አይቻልም፤ ብሎኑ የሚያበዛው ያለውን ነው።

ካንዴላውን አውጡ። የሞተሩን ፒስተን ወደ ታች አውርዳችሁ ንጹሕ ገመድ በካንዴላው ቀዳዳ አስገቡ፤ ገመዱ ፒስተኑን ይይዝላችኋል። የገመዱን ጫፍ ውጭ አስቀሩት። በእነዚህ መጋዞች ላይ ፍሪሲዮኑ የሚፈታው በግራ ጥርስ ነው፦ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ስታዞሩት ይላላል። ብዙዎቹ ላይ የመፍቻው አቅጣጫ በቀስት ተጽፏል። በመዶሻና በመሮ የፍሪሲዮኑን ጫማ መምታት ጫማውን ይሰብረዋል፤ ልኩን ቁልፍ ፈልጉ ወይም አሠሩ።

ታምቡሩን ስታወጡ በውስጡ ያለችውን ኩሺኔታ እጠቡና ጥቂት ግራሶ ቀብታችሁ አስቀምጡ። አሁን ዎርሟ ትታያለች። የአሮጌ መጋዝ እውነተኛ በሽታ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። የፕላስቲክ ዎርም ፍሪሲዮኑ ሲግል ይቀልጣል ወይም ጥርሱ ይላጫል። ፍሪሲዮኑ የሚግለው ደግሞ በምክንያት ነው፦ የሰንሰለት ፍሬኑ ተይዞ ጋዝ ተሰጥቶ፣ ወይም በደነዘ ሰንሰለት ግንድ ላይ ተጭኖ ሲንተራስ። ምክንያቱ ካልታረመ አዲሷም ዎርም ዕድሜ አይኖራትም። ከታምቡሩ ጋር የምትያያዝ ዓይነት ከሆነች የምትይዘው ሽቦ ወይም ምላስ አለመሰበሩን እዩ። በሻፍቱ ላይ ተጨንቃ የገባች ከሆነች ደግሞ በሁለት ካቻቢቴ ከጎንና ከጎን አትፈልቅቋት፤ ፕላስቲኳ ይሰነጠቃል፣ ከሥሯ ያለው የማግኒዥየም አካልም ይጎዳል። መጎተቻ ያስፈልጋል።

ዎርሟ ደህና ከሆነች የፖምፓውን ብሎኖች ፍቱ። ከነዳጅ መጋዝ ብሎኖች ሁሉ ለስላሳ ብረት ውስጥ የገቡት እነዚህ ናቸውና ስትመልሱ በእጅ ስሜት እንጂ በኃይል አታጥብቁ። ፖምፓውን በነጭ ጋዝ እጠቡ። ከዚያ መግቢያው ላይ ዘይት አንጠባጥቡና የፒስተኑን ጥርስ በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። በመውጫው ላይ ጠብታ መታየት አለበት። መውጫውን በጣት ደፍናችሁ ስታዞሩ ግፊት ካልተሰማችሁ፣ ወይም ፒስተኑ በቤቱ ውስጥ ወደ ጎን የሚላወስ ከሆነ፣ አሁን ፖምፓ መግዛት ትችላላችሁ። በፒስተኑ ላይ በጥፍር የሚያዝ ጭረት ካለ አሸዋ ወይም የብረት ብናኝ አልፎበታል። አሸዋው ከየት እንደመጣ ሳታውቁ አዲሱን አትግጠሙ።

ስትመልሱ ፖምፓውን ደረቁን አትግጠሙት። በስሪንጅ ዘይት ሞልታችሁ ግጠሙ፤ ጎማውንም እንዲሁ። ደረቅ ፖምፓ አየርን መሳብ ስለማይችል ጤነኛውን «ሞቷል» ያሰኛል። ፖምፓው በተፈታበት አጋጣሚ ከዎርሟ ሥር ያለውን የክራንክ ሻፍቱን ማሸጊያ ጎማ (ሲል የሚባለውን) ተመልከቱ፤ ዙሪያው በዘይት ርሶ ከሆነ አብራችሁ ቀይሩት።

በአውራ ጣት የሚሠሩና በግፊት የሚሠሩ

እንደ ሆምላይት ኤክስኤል-12 ያሉ የ1960ዎቹ መጋዞች የመጀመሪያ ሞዴሎች ዘይት የሚሰጡት እጀታው አጠገብ ያለ ቁልፍ በአውራ ጣት ሲጫን ነው። እዚህ ዎርም የለም፤ ፒስተን፣ ሞላ፣ ኦሪንግና ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርጉ ቫልቮች ብቻ ናቸው። ምርመራውን አውራ ጣታችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ቁልፉ ያለምንም ክብደት ከወረደ አየር እየሳበ ነው ወይም የመግቢያው ቫልቭ አይዘጋም። ድንጋይ እንደመጫን ከከበደ መውጫው ወይም የባሩ ቀዳዳ ተደፍኗል። ወርዶ ከቀረ ሞላው ደክሟል ወይም አሮጌ ዘይት ሙጫ ሆኖ ይዞታል። በቁልፉ ዙሪያ ዘይት ካመለጠ ኦሪንጉ አልቋል፤ ልኩ ያለው ኦሪንግ ከየትኛውም የመኪና ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ይህን ዓይነት መጋዝ አውቶማቲክ ብቻ የለመደ ሰው ሲይዘው የሚበላሸው ነገር ዘይቱ ሳይሆን ልማዱ ነው፤ በቆረጣ ላይ ሳለ በየጥቂት ሰከንዱ መጫን አለበት።

ሆምላይት ኤክስኤል-2ና መሰሎቹ ደግሞ ፖምፓ የሚባል ነገር የላቸውም። የሞተሩ ክራንክ ኬዝ ግፊት በአንዲት ትንሽ የጎማ ቫልቭ አልፎ የዘይት ታንኩን ይወጥረዋል፤ ዘይቱ በግፊቱ ተገፍቶ ይወጣል። የቫልቯ አፍ እንደ ዳክዬ ምንቃር ነው፦ ወደ ታንኩ ታስገባለች፣ ወደ ሞተሩ አትመልስም። በእነዚህ መጋዞች ላይ ክዳኑ አየር ካፈሰሰ ዘይት የለም፤ የክዳኑ ጋስኬት እዚህ ዋና የሞተር ክፍል ነው ማለት ይቻላል። ቫልቯ ስትደርቅ ወይም ስትቀደድ ሞተሩ በተራው ዘይቱን ይስባል። ባሩ ደርቆ፣ ታንኩ ጎድሎ፣ ከማርሚታው ወፍራም ጭስ እየወጣ፣ ካንዴላውም በዘይት ርሶ ካያችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ ካርቡራተሩ ላይ ያርፋል፤ ካርቡራተሩ ግን የለበትም።

ምን ዓይነት ዘይት?

የባር ዘይት ተብሎ የሚሸጠው ተጣባቂ ነው፤ ሰንሰለቱ በአፍንጫው ሲታጠፍ ተፈናጥሮ እንዳይጠፋ። እሱ ካልተገኘ ንጹሕ ኤስኤኢ 30 የሞተር ዘይት ይሠራል፤ የአሮጌዎቹ መጋዞች መመሪያዎችም የሚፈቅዱት ነው። ቶሎ ስለሚፈናጠር ፍጆታው ከፍ ይላል፣ ማስተካከያው ካለ ትንሽ ከፈት አድርጉት።

ከጋራዥ የሚቀዳው የተቃጠለ ዘይት በየቦታው ይሠራበታል፤ ምክንያቱም ነጻ ነው። በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ግን ከላይ ያየነውን የፖምፓ ጭረት የሚያመጣ ነው፤ ጭቃው ፊልትሮውን ይደፍናል። ከሰንሰለቱ ተፈናጥሮ የሚወጣው ደግሞ ፊትና ሳንባ ላይ ይደርሳል፤ ቆዳንም ይጎዳል። የአሮጌ መጋዝ ፖምፓ ዋጋ ከስንት ሊትር አዲስ ዘይት ጋር እንደሚተካከል ማስላት ይበቃል።

የምግብ ዘይት በመርህ ደረጃ ክፉ አይደለም፤ ለመሬትም ለሰውም ይሻላል። ችግሩ ሲቀመጥ ነው። ኑግና ሱፍን የመሰሉ ዘይቶች አየር ሲያገኛቸው ወደ ሙጫነት ይለወጣሉ፤ ለሁለት ወር በቆመ መጋዝ ውስጥ ፒስተኑን እንደ ቫርኒሽ ያጣብቃሉ። ፓልም ደግሞ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ጠዋት ላይ ይረጋል፤ የረጋ ዘይት የሚስብ ፖምፓ የለም። የምግብ ዘይት የሚጠቀም ሰው ሥራ ባቆመ ቀን ታንኩን ገልብጦ፣ በማዕድን ዘይት አንድ ደቂቃ አስነስቶ ማስቀመጥ አለበት። ሙጫ ሆኖ የተገኘን ፖምፓ ፈትቶ በነጭ ጋዝ አንድ ቀን መዘፍዘፍ ነው፤ በኃይል ማዞር ዎርሟን ይላጫል።

ምን ያህል ይበቃል?

ደንቡ ነዳጁ ሲያልቅ ዘይቱ ለማለቅ ትንሽ እንዲቀረው ነው። ዘይቱ ከነዳጁ በፊት ካለቀ ብዙ ነው፣ አደገኛም ነው፤ ግማሹ ከተረፈ ያንሳል። ረጅም ባርና ደረቅ ጠንካራ እንጨት የበለጠ ይፈልጋሉ።

በቁጥር ለመያዝ የዘይት ታንኩን እስከ አፉ ሙሉና 5 ደቂቃ በሥራ ጋዝ ቁረጡ። ከዚያ በ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ እየቆጠራችሁ መልሳችሁ እስከ አፉ ሙሉት። ታንኩ 360 ሚሊ ሊትር የሚይዝና አንድ ሙሊት ነዳጅ 36 ደቂቃ የሚያስቆርጥ ከሆነ ልኩ በደቂቃ ከ10 ሚሊ ሊትር ትንሽ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ስሪንጅ ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው መግባት አለበት። አንድ ብቻ ከገባ ማስተካከያውን ከፍታችሁ ድገሙ። ተከፍቶም ካልጨመረ ወደ ፊልትሮውና ወደ ጎማው ተመለሱ።

ቆሞ የሚያፈስ መጋዝ

አሮጌ ቼይንሶ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ከሥሩ ጥቂት ዘይት መገኘቱ በሽታ አይደለም። በባሩ ቦይና በሽፋኑ ውስጥ ያለው ዘይት ተንጠባጥቦ ነው። ጠርጋችሁ፣ ባሩን አውልቃችሁ፣ ካርቶን ላይ አሳድሩት። ጠዋት ካርቶኑ ንጹሕ ከሆነ ጉዳዩ ተዘግቷል።

በባሩ መውጫ በኩል ካፈሰሰ ዘይቱ በክብደቱ ፖምፓውን አልፎ እየወረደ ነው፤ መጋዙ በሥራ ላይ በደንብ የሚሰጥ ከሆነ ለዚህ ሲባል ፖምፓ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ መጋዝ ደግሞ በታንኩ ውስጥ ያለው አየር ሲግል እየተስፋፋ ዘይቱን ይገፋዋል፤ መተንፈሻው አየር ወደ ውስጥ ብቻ የሚያስገባ ዓይነት ስለሆነ ግፊቱ መውጫ የለውም። ከመኪና ከመጫናችሁ በፊት ክዳኑን አንዴ ላላ አድርጋችሁ ዝጉት። ፍሳሹ ከታንኩ ስፌት፣ ከጎማው አንገት ወይም ከክዳኑ ከሆነ ግን ይጠገናል፦ የክዳኑ ኦሪንግ ይቀየራል፣ የጎማው መግቢያ ይጸዳል፣ የተሰነጠቀ የማግኒዥየም ታንክም በናፍጣ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ነዳጅ በሚችል ኢፖክሲ ይደፈናል። ማግኒዥየም ሲበየድ ሊቀጣጠል ስለሚችል ልምዱ የሌለው ሳልዳቶር ጋር አትውሰዱት፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነም ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ አስቀምጡት።